ከሰሉ ምን ይላል?

ባለፈው ጁላይ 4፣ በአሜሪካ የነፃነት በዓል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ ጋሼ ጓሯቸው ጠርተውን ሄድን። «ስድስት ሰዓት ላይ እንበላለን» ነው የተባልነው። በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ አልተነገረንም፤ በኋላ እንዳየነው ልዩነትም አልነበረውም። ለጥንቃቄ ብለን በሐበሻው ሄድን።

በሩን አልፈን ወደ ጓሮ ስንዞር የጥብስ ሽታ ነበር የጠበቅነው። ጋሼ ግን ሣሩ ላይ ሸራ አንጥፈው፣ ሃያ ፓውንድ ሙሉ ከሰል ዘርግፈውበት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ሁለት እያነሱ ጆሯቸው ሥር ያጋጫሉ። እጃችንን ለሰላምታ ስንዘረጋ በጣታቸው ዝም አሰኙን። «ስሙ» አሉ። ሰማን። ቅጭል አለ፤ እንደ ሲኒ። «ይኼ በስሏል» ብለው በቀኛቸው አኖሩት። ቀጣዩ ዱብ አለ። ወደ ግራ። ልክ እንደ ዕለተ ምጽአት፣ በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ።

እኔ በበኩሌ እጅ ነስቻለሁ። እኛ መሃይሞቹ ከሰል ይገዛል እንጂ ይደመጣል ብለን አስበን አናውቅም። ነገሩ ደግሞ ሐሰት አይደለም፤ ክፋቱም እሱ ነው። እንጨት አየር ተነፍጎ ሲከስል፣ ውሃውና ጭሱ ተሟጦ ካርቦኑ ብቻ ከቀረ፣ ሲያጋጩት ይጮኻል። ጃፓኖች ቢንቾታን የሚሉት ከሰላቸው እንዲያውም እንደ ብረት ያቃጭላል። ዱብ የሚለው ወይ ውስጡ ገና እንጨት ነው፣ ወይ ውሃ ጠጥቷል፤ እሳት ሲነካው ነጭ፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይለቃል። የጋሼ ከሰል ግማሹ ዱብ ያለው ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ፋብሪካውን ረገሙልኝ። ከረጢቱ ከመስከረም ጀምሮ አፉን ከፍቶ ከአትክልት ውሃ ጎማው አጠገብ እንደሚያድር የተናገረው የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ነው። ልጅ ምን ያውቃል።

እናቶቻችንም ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር፣ ምስኪኖች። አዲስ አበባ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ሲገዙ፣ ሻጩ ከላይ ደህና ደህናውን ደርድሮ ከሥር ድቃቂውን እንደሚሞላ ስለሚያውቁ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደው የታችኛውን ያወጡታል። በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ከከበዳቸው «ውሃ ረጭተህበታል» ይላሉ፤ ሻጩ «በመድኃኔ ዓለም» ብሎ ሳይጨርስ ዋጋው ወርዷል። ሁለት ደቂቃ። ሸራ የለ፣ በርጩማ የለ፣ ታዳሚ የለ። ታዳሚ የሌለው ነገር ደግሞ ሥራ ይባላል እንጂ ሙያ አይባልም። ጋሼ በዚያ ዘመን የት ነበሩ? «ወንድ ልጅ ማድቤት አይገባም» ተብለው ሳሎን። ጥሪው የመጣላቸው አትላንቲክን ከተሻገሩ በኋላ ነው።

ከድምፁ ቀጥሎ ዘር ይቆጠራል። ጋራዣቸው ውስጥ ኦክ አለ፣ ሂከሪ አለ፣ ከፓራጓይ የመጣ ኬብራቾ አለ። ኬብራቾ በስፓኝ ቋንቋ መጥረቢያ ሰባሪ ማለት ነው፤ ጋሼ ይህን ሲያወሩ ዛፉን የጣሉት ራሳቸው ይመስላሉ። ከሁሉ በላይ መደርደሪያ ላይ በክብር የተቀመጠው ግን የሜክሲኮው መስኪት ነው። ሲቀጣጠል ፍንጣሪው ይዘላል፤ ለጁላይ 4 ሌላ ርችት አያሻም። እኔ አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አፋር ላይ የግጦሹን መሬት የወረረው የፕሮሶፒስ ዘመድ ነው። እዚያ ማጥፊያው ጠፍቶ እያከሰሉ ወደ ከተማ የሚልኩት» አልኳቸው። አዘኑልኝ። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው፣

«ያኛው አረም ነው፤ ይኼ ፕሪሚየም ነው» አሉኝ።

«እሳት ካየው ምን ለየው» የሚለው ተረት የድሃ ተረት ኖሯል። ከእንግዲህ የትኛው እሳት እንዳየው፣ እሳቱም የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል።

አፍንጫቸውስ! ከከሰሉ የሚወጣውን ጭስ በመዳፋቸው ወደ ፊታቸው እየጠሩ «ሂከሪ ነው... ትንሽ ቫኒላም አለው» ይላሉ። በደንብ የከሰለ ከሰል የዛፉን ሽታ ያኔውኑ ሲከስል ነው የጣለው። ሥጋው ላይ የሚያርፈው መዓዛ ፍሙ ላይ ከሚንጠባጠበው ጮማ ነው፤ ወይም ከከሰሉ ጎን ከሚጣል እንጨት። አያቴ የወተት ዕቃዋን የምታጥነው በወይራ ስንጥር ነበር፤ የወይራ ከሰል ልፈልግ ብላ ስትንከራተት አላየኋትም። ግን አያቴ ቫኒላ አታውቅም።

ከግራው ክምር አንድ ቁራጭ አነሳሁ። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ጎኑ ላይ በማሽን የወጣ ቦይ ያለው፣ ግልጽ የወለል ጣውላ። ከረጢት ውስጥ የጣውላ ቤት ትራፊ፣ አንዳንዴም ድንጋይ መገኘቱ የተለመደ ነው። ጋሼ አገላብጠው አዩትና «በጣም የቆየ ዛፍ ነው» ብለው ወደ ቀኝ አሻገሩት። ጸደቀ።

አጥር ማዶ ያለው አሜሪካዊ ጎረቤታቸው ያልተማረ ሰው ነው፤ በከሰል ማለቴ ነው። ብሪኬቱን፣ ያን ተፈጭቶ እኩል እኩል የተጣበቀ ከሰል፣ ከነብናኙ ግሪሉ ውስጥ ገለበጠው፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ልጆቹ አገጫቸው ድረስ ወዝ ነክቷቸው ይሯሯጡ ነበር። ጋሼ ወደዚያ ባዩ ቁጥር «የፎርድ ጥራጊ!» ይላሉ። ይህንንም አልተሳሳቱም። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሚሺጋን ውስጥ ለመኪና አካል ከሚቆረጠው እንጨት የተረፈውን አክስሎ፣ ፈጭቶ፣ በስታርች አጣብቆ በመኪና መሸጫዎቹ ሳይቀር ይሸጠው ነበር፤ በኋላ ኪንግስፎርድ በሚል የንግድ ስም የታወቀው እሱ ነው። አመዱ ይበዛል፣ እንደ ደህና ከሰልም አይግልም። እኩል እኩል ስለሆነ ግን እሳቱ አይዋዥቅም፤ ያ ምስኪን ጎረቤት ያለችው ዕውቀት ይህችው ናት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥርዓቱ ተጀመረ። በቀኝ የቆሙት፣ ቡጢ ቡጢ የሚያክሉት ጻድቃን አንድ በአንድ ግሪሉ ውስጥ ገቡ። አየር እንዲተላለፍ መሐላቸው ክፍተት ተተወ፤ ድቃቂ የበዛበት እሳት ታፍኖ ይሞታልና። ሁላችንም ተነሥተን ቆምን። ጋሼ ወደ ኋላ እጃቸውን ሰደዱ፤ ጠርሙስ አወጡ፤ ግማሹን ጋዝ አንቆረቆሩበት።

አዎ፣ ጋዝ። ጆሮ ፈትኖት፣ አፍንጫ መስክሮለት፣ ከፓራጓይ ድረስ በመርከብ መጥቶ፣ በነዳጅ ተጠመቀ። ጓሮው ማደያ ማደያ ሸተተ። ልጃቸው ለአባቶች ቀን የገዛችላቸው የቆርቆሮ ማቀጣጠያ፣ ያ ከሥሩ አንድ ገጽ ጋዜጣ ጎርሶ በ15 እና 20 ደቂቃ መካከል ከሰሉን የሚያቀላው፣ ከነካርቶኑ ጋራዥ ተቀምጧል። «እሱ ለጀማሪ ነው» ብለዋል። ነበልባሉ ሲወርድ ደገሙት። «ቫኒላው አሁን ይመጣል» ያለው የኋላ ተቀማጭ ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

ሥጋው ብሪስኬት ነው፤ እኛ ፍርንባ የምንለው። በ107 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ዝግ ባለ እሳት፣ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በዚህ ስሌት የምንበላው ንጋት ላይ መሆኑ ነው። ሐበሻ ደግሞ ጥሬ ሥጋ ፊቱ አስቀምጦ እሳት የመጠበቅ ልምድ የለውም። አሥር ሰዓት ላይ አንዱ ቢላ ጠየቀ። ሌላው መኪናው ውስጥ ሚጥሚጣ እንዳለው ትዝ አለው። አሥራ አንድ ላይ የተረፈውን ሴቶቹ አንስተው በኤሌክትሪክ ምድጃ ጠበሱትና እንጀራ ቀረበ። ጋሼ ይህን አላዩም። ጀርባቸውን ሰጥተውን ያራግቡ ነበር።

አመሻሹ ላይ ታላቅ እህታቸው ጀበናቸውን አንጠልጥለው ወጡ። እሳቸው ቤት ውስጥ ከሰል አያቀጣጥሉም፤ በር ተዘግቶ ስንቱን በተኛበት ያስቀረ ነገር ነው። ሸራው ጥግ ጋሼ ለቆሻሻ የለዩትን ስብርባሪ አዩና አንድ ሁለት እፍኝ አፍሰው ትንሿ ምድጃቸው ላይ አደረጉት። ዘይት የነካ ናፕኪን ከሥሩ አስገብተው ለኮሱ። በወረቀት ሳህን አራገቡ። ጀበናው ሲንተከተክ የጋሼ ጻድቃን ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ነው የቀላው።

አቦሉ እንደተቀዳ አንድ ሲኒ ይዘው ወደ ወንድማቸው ሄዱ። ጋሼ አንዱን ጥቁር ከሰል በመቆንጠጫ አንስተው ጆሯቸው አጠገብ ይዘውታል።

«እና፣ ከሰሉ ምን ይላል?»

«ገና ነው ይላል።»