ይድረስ ለክቡር አቶ ሼርድ ፎልደር

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ፋይል ይዞ መሀል መንገድ መቅረትን ይመለከታል

ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ ክቡርነትዎ ኮምፒውተሮቻችን በኔትወርክ የሚጋሩት ፎልደር እንደመሆንዎ፣ በማተሚያ ቤታችን ከዲዛይነሯ ማክ ወደ ፕሪንተር ክፍሉ ዊንዶውስ ፋይል የማድረስ ከባድ አደራ ተጥሎብዎታል። ትናንት የሰርግ አልበም ሰጠንዎት፤ 20 ጊጋባይት። "የቀረው ጊዜ 3 ደቂቃ" አሉን። ደስ አለን። ቀጥሎ 2 ሰዓት አሉ። ከዚያ 40 ሰከንድ። ከዚያ ዝም። ሙሽራው ሲደውል "እየሄደ ነው" አልነው፤ ምን እንበለው?

እርስዎ ዝም ሲሉ ቢሮው ይናገራል። የፕሪንተር ክፍሉ ልጅ "የሚያጓትተው ማኩ ነው" ይላል። ዲዛይነሯ "ዊንዶውስ መቼ በወጉ ሠርቶ ያውቃል" ትላለች። ኡቡንቱ የተባለ ሌላ ሲስተም የሚጠቀመው የአይቲ ልጃችን ሁለቱንም እያየ ፈገግ ይላል። (ያቺን ፈገግታ ያውቋታል።) ይህ የወገን ክርክር እኔን አያሳምነኝም። የማክ ሠሪው አፕል እንኳ የራሱን የፋይል መለዋወጫ ደንብ ኤኤፍፒን ወደ ጎን ብሎ ዊንዶውስ የሚጠቀምበትን ኤስኤምቢን ካስቀደመ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ነው። ሦስቱም የሚያወሩት በአንድ ፕሮቶኮል (የመግባቢያ ደንብ) ነው።

ስለዚህ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘው ስዊቻችን ጊጋቢት ነው፤ በሰከንድ 1000 ሜጋቢት። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 125 ሜጋባይት ይሆናል፤ ፋይሉን ለሚያጅበው የአድራሻና የቁጥጥር መረጃ የሚሄደውን ቀንሰን 110 እንበል። አልበሙ 3 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ክቡርነትዎ ግን ከ11 ንቅንቅ አልል አሉ። 11! ይቺን ቁጥር ኔትወርክ የነካካ ሰው ሁሉ ያውቃታል። የ100 ሜጋቢት መስመር ጣሪያ ናት። የአይቲው ልጅ ፈገግታውን ሰብስቦ አይፐርፍ በተባለ ፕሮግራም ለካው። አይፐርፍ ዲስክም ፎልደርም አይነካም፣ መስመሩን ብቻ ነው የሚፈትነው። 94 ሜጋቢት አለ። ማክም ዊንዶውስም ነፃ ወጡ።

ኬብሉን ተከትለን ሄድን። በወረቀት መቁረጫው ማሽን እግር ሥር ተጨፍልቆ ተገኘ። ለ100 ሜጋቢት ከ8ቱ ሽቦዎች 4ቱ ይበቃሉ፤ ጊጋቢት ግን ሁሉንም ይፈልጋል። ከቀሩት 4 አንዷ ስትበጠስ ብዙ ጊዜ መስመሩ አይቋረጥም፤ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። መብራቱ ይበራል፣ ፋይሉም "ይሄዳል"። ለመሆኑ አንድ ቃል መተንፈስ አቅቶዎት ነው?

ኬብሉ ተቀየረ፣ 108 ገባን፣ አጨበጨብን። ጭብጨባው ሳይበርድ የፎንቶቹን ፎልደር ሰጠንዎት። ጠቅላላው ከአልበሙ እጅግ ያነሰ ነው፤ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ናቸው። እዚህ ላይ ቁርጥ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆኑ። ለእያንዳንዷ ፎንት፦ ማን ነሽ? ፈቃድ አለሽ? ክፈት። አንብብ። ዝጋ። ቀጣይ! እያንዳንዱ ጥያቄ በመስመሩ ደርሶ ይመለሳል፤ ኬብሉ ወርቅ ቢሆን አይረዳም። ዚፕ አድርገን አንድ ፋይል ስናደርገው ግን ምንም ሳይጠይቁ አሳለፉት። በጅምላ ሲመጣ አይፈተሽም ማለት ነው?

በዚህ ላይ ማኩ በገባበት ፎልደር ሁሉ "ዲኤስ ስቶር" የምትባል፣ የፎልደሩን አቀማመጥ የምትመዘግብ ፋይል ጥሎ ይወጣል። የፕሪንተር ክፍሉ ልጅ ቫይረስ መስላው ሲያጠፋት ይውላል፤ ማኩ መልሶ ይጥላታል። ማኩ በኔትወርክ ላይ እንዳይጥላት የሚያደርግ ትእዛዝ አለ። ልጁ ግን ማጥፋቱን ለምዶታል፣ ሥራ ሆኖለታል።

"ኤስኤምቢ 1ን ክፈቱት፣ ይፈጥናል" የሚል መካሪም አልጠፋም፤ አሮጌውን የኤስኤምቢ ስሪት ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚያው በር ነው። አመስግነን ሸኘነው።

ስለሆነም ክቡርነትዎ መስመርዎ ሲወርድ በግልጽ እንዲያሳውቁ፣ የቀረውን ጊዜ ካላወቁም እንዳይገምቱ በትሕትና እንጠይቃለን። ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመቁረጫው ማሽን፦ እግርዎን እንዲያነሱ
ለፍላሽ ዲስክ፦ እስከዚያው ተወክለው እንዲሠሩ