ከየትኛው ቧንቧ ነው?

እንግዳ ባለበት ቤት ልጅ እውነት እንዳይናገር የሚከለክል አዋጅ ቢወጣ ቀድሜ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አክስቴና ባሏ ሊጠይቁን መጥተዋል። ጥብሱ ተበልቶ አልቋል፣ ቡናው እየተቆላ ነው። የአክስቴ ባል ቃሪያው በርትቶባቸው "እስቲ ውሃ" አሉ። የሰባት ዓመቱ ልጄ እንደ ጨዋ ልጅ ብድግ አለና ጆጉን ጢም አድርጎ ሞልቶ መጣ። ጎንበስ ብሎም ቀዳላቸው። "እደግ፣ ተመንደግ!" ተባለ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ምርቃቱ ደስ ስላሰኘው ጨመረበት።

"ወጥ ቤት ውሃ ስለሌለ ከሽንት ቤት ነው የቀዳሁት።"

ቤቱ ጭጭ አለ። የቡናው ምጣድ ብቻ ይንጣጣል። የአክስቴ ባል ብርጭቆውን ከንፈራቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። አይጠጡ፣ አያስቀምጡ። ማንቁርታቸው አንዴ ወጣ ብላ ስትወርድ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። የመጀመሪያዋ ጉንጭ አልፋለች ማለት ነው። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ባለቤቴ እኔን አፈጠጠችብኝ። ለምን እኔን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

"ሻወር ቤት ለማለት ፈልጎ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ።

ውሸት አይደለም። የኮንዶሚኒየም ሰው ያውቀዋል፤ ሽንት ቤቱም፣ ሻወሩም፣ የእጅ መታጠቢያውም አንድ ክፍል ናቸው። ልብ ካለህ ሦስቱንም ሥራ ሳትነሳ ትጨርሳለህ። ስሙን ግን እንደ ሁኔታው እንቀያይረዋለን። ገላችንን ስንታጠብ ሻወር ቤት ነው። እንግዳ ፊት መታጠቢያ ቤት ነው። ልጄ ከሦስቱ ስሞች መርጦ መርጦ የተናገራት ናት ጉድ የሠራችኝ።

"ምነው ልጄ፣ አንድ ሃይላንድ መግዛት አቃታችሁ?" አለች አክስቴ።

ሃይላንድ ድሮ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። አሁን ዘይትም ይያዝ ጋዝ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው። እኛም ቤት አለ። ፍሪጅ ውስጥ አራት ተደርድሯል። የተሞላው ከወጥ ቤት ቧንቧ መሆኑን ግን በዚያ ሰዓት ማንሳት አልፈለግኩም። አንድ ቀን ለሁለት ቅሌት አይበቃም።

ማታ እንግዶቹ ሲሄዱ ክርክሩ ተጀመረ። ውሃ ቀጠነ ብለው የሚጣሉ ባልና ሚስት ሲባል እሰማ ነበር። እኛ በቅጥነቱ እንኳ አልደረስንም፤ ከየት ተቀዳ በሚለው ነው የተጣላነው።

"ውሃው አንድ ነው" አልኳት።

"ውሃው አንድ ቢሆን ቦታው አንድ ነው?"

"ጠዋት ማታ ጥርስሽን የምትቦርሺው በየትኛው ውሃ ነው?"

"እሱ እኮ ይተፋል።"

ውሃ የማይቋጥር መልስ ነው። ግን ምን ልበል? እኔም ራሴ ሌሊት ውሃ ሲጠማኝ ሦስት እርምጃ ቅርብ የሆነውን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ አልፌ፣ በጨለማ ጠረጴዛ እየገጨሁ ወጥ ቤት ድረስ እሄዳለሁ።

በማግስቱ አክስቴ ደወለች። ባሏ ሆዳቸውን ሲጮህባቸው አድሯል፤ ክሊኒክ ሄደው አሜባ ተብለዋል። ክሊኒክ በሆድ ሕመም ገብቶ አሜባ ወይም ታይፎይድ ሳይባል የወጣ የአዲስ አበባ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም ተከላከልኩ። አሜባ ሰው ሆድ ገብቶ እስኪያሳምም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ታይፎይድም ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በአንድ ሌሊት ደርሶ የሚያስጮህ የእኔ ቧንቧ አይደለም፣ ከወር በፊት የበሉት ነገር ነው። ወይ ደግሞ ያን ሁሉ ቃሪያ! አክስቴ ዝም ብላ ሰማችኝና "አንተ መቼም መልስ አታጣም" ብላ ዘጋችው።

ሰኞ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። የተበላሸ ነገር የለም፣ ምስክር ነው የምፈልገው። ለማየት ብቻ 300 ብር አለኝ። በመፍቻው የወጥ ቤቱንና የመታጠቢያ ቤቱን የጋራ ግድግዳ ኳ ኳ አደረገ።

"እዚህ ውስጥ ቲ አለች" አለኝ። "ከቆጣሪ አንድ መስመር ይመጣል። ቲዋ ጋ ሲደርስ አንዱ ወደ ሲንክ፣ አንዱ ወደ ሻወር ይሄዳል። ውሃ ደግሞ ክፍል አይመርጥም።"

ባለቤቴን ጠርቼ ድገመው አልኩት። ደገመው።

"ታዲያ ወጥ ቤቱ ደርቆ ሻወሩ ለምን ይመጣል?" አለችው። ደህና ጥያቄ ናት። መልሱም ቀላል ነው። ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ሲያንስ ግፊቱ ይደክማል። የሲንኩ ቧንቧ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሻወር ውስጥ ለባልዲ የተሠራችው ቧንቧ ግን ከጉልበት በታች ናት። ውሃው ወደ ላይ መውጣት ሲያቅተው እሷ ጋ ይወርዳል። በምኒልክ ዘመን ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ ወደ ግቢ ሲያስገባ፣ ውሃ እንዴት ሽቅብ ይወጣል ብሎ ያልተገረመ አልነበረም ይባላል። እኛ አራተኛ ፎቅ ያለነው ሰዎች ዛሬም እዚያው ጥያቄ ላይ ነን።

ሠራተኛው ብሩን ተቀብሎ በር ላይ ሲደርስ ዞር አለ። "ይልቅ ሮቶውን ውስጡን አይተውት ያውቃሉ?"

ባልጠየቀኝ! ከብሎካችን ጀርባ የብረት ማማ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሮቶ አለ። አምስት ዓመት በሥሩ አልፌያለሁ። ሰዎቹ እንዲያጥቡት በየስብሰባው ይነሳል፣ በየስብሰባው "ኮሚቴ ይቋቋም" ይባላል፣ ኮሚቴውም የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። ዘበኛችን መሰላሉን ያዙልኝና ወጣሁ። ክዳኑ የለም። ነሐሴ ላይ ነፋስ ወስዶት አንድ ሰው ቁራጭ ቆርቆሮ ከልሎ ድንጋይ ጭኖበታል። ድንጋዩን አነሳሁ። ውሃው ላይ የርግብ ላባ እንደ ጣና ታንኳ ቀስ ብላ ትዞራለች። ግድግዳውን በጣቴ ስነካው እንደ ዓሣ ቆዳ ያዳልጣል። በስልኬ መብራት ወደ ታች ሳበራ መሬቱ አይታይም፤ ጣት የሚያሰጥም ደለል ተኝቶበታል። ደለሉ ላይ ደግሞ አንድ እግር የሕፃን ጫማ። ባለቤቱን እስካሁን አላገኘንም።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይህንን ይጠጣሉ?" አልኳቸው ከላይ ሆኜ።

"እኔማ ጠላ ነው ልጄ። ውሃ ሆዴን ይነፋኛል።"

ለካ እኛ ስንጣላ የከረምነው ስለ ክፍል ስም ነው። ውሃው ከለገዳዲም ይምጣ፣ ከገፈርሳም፣ ከአቃቂ ጉድጓድም፣ ክሎሪን ተጨምሮበት ነው የሚነሳው። ሲነሳ ጨዋ ነው። የሚበላሸው በመንገድ ነው፤ እንደ ብዙ ሰው። እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ሌሊት በፈረቃ ይመጣል። በቀሩት ቀናት ቧንቧው ባዶ ነው። ባዶ ቧንቧ ደግሞ ግፊት ስለሌለው የተሰነጠቀ ቦታ ካለው በዙሪያው ያለውን እርጥበት ሁሉ ይስባል። የዙሪያው እርጥበት ከምን እንደሚመጣ የሰፈራችንን ቦይ ያየ ያውቀዋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት "ውሃ መጣ!" ተብሎ ሁሉም ባልዲውን ይዞ ሲሯሯጥ፣ መጀመሪያ የሚወርደው ሻይ የሚመስለው ነገር እሱ ነው። ያንን አስቀድሞ መልቀቅ ነበር። ግን ማን ይለቃል? ሁለት ቀን ሙሉ የጠበቅነውን እንግዳ!

ከዚያ ሮቶ ውስጥ ይተኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃ ቤት ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲተርፍበት ይፈልጋል። የእኛ ሮቶ ውስጥ ያለው ክሎሪን ያንን ደለል፣ ያንን ላባ፣ ያንን ጫማ ተዋግቶ የተረፈው ነው።

ዋሽንግተን ላለው የአጎቴ ልጅ ደውዬ ይህን ሁሉ ብነግረው ሳቀብኝ። እዚያ ማንም ቢሆን የፈለገውን ቧንቧ ከፍቶ ይጠጣል አለኝ። "ታዲያ ፍሪጅህ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ምንድነው?" ስለው ድምፁ ቀነሰ። እነሱም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። እኤአ በ2000 ከተማው የውሃ ማከሚያውን ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ሲቀይር ከአሮጌ የእርሳስ ቧንቧዎች እርሳስ ወደ ውሃው ይሟሟ ጀመር፤ ሕዝቡ በደንብ የሰማው በ2004 ነው። የእኛ ጆግ ቢያንስ ደለሉ በዓይን ይታያል።

ለንደን ያለች የባለቤቴ ጓደኛ ደግሞ ጉድ አወጣች። እዚያ በአሮጌ ቤቶች ከጣሪያ ሥር ታንከር አለ፤ ከዋናው መስመር በቀጥታ የሚመጣው የወጥ ቤቱ ብቻ ነው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ግን ከታንከሩ ነው። ስለዚህ የቆዩ ሰዎች የመታጠቢያ ቤት ውሃ አይጠጡም። ባለቤቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ አስደገመቻት። አክስቴ ልክ ነበረች ማለት ነው፤ ከተማዋን ነው የሳተችው።

እውነቱን ለመናገር የእኛም መታጠቢያ ቤት ንጹሕ ነው ብዬ ልምል አልችልም። አንደኛ፣ ከቦይለር የሚመጣ ሙቅ ውሃ አይጠጣም፤ ሆዱ ውስጥ ስንት ዓመት የተኛ ዝቃጭ አለ፣ ሙቀቱም ብረቱን ያሟሟል። ሁለተኛውን የነገረኝ ራሱ ልጄ ነው። ሰኞ ማታ ረጋ ብዬ "እስቲ እንዴት እንደቀዳህ አሳየኝ" አልኩት። ያችን ከጉልበት በታች ያለች ቧንቧ ከፈተ። ቧንቧዋ ላይ ጎማ ተሰክቷል። የጎማው ጫፍ ወለል መወልወያው ባልዲ ውስጥ፣ ኦሞ አረፋ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ልጄ ጫፉን አውጥቶ በቲሸርቱ ጠረገና ጆጉ ላይ ደገነው።

"እንዲህ" አለኝ በኩራት።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለአክስቴ ባልማ እንዴት ይነገራል? ሌሊት ግን ተነስቼ ጎማውን ነቀልኩ። ግፊት ሲጠፋ እንዲህ ያለ ጎማ ከባልዲው ወደ ቧንቧው መልሶ እንደሚስብ አውቅ ነበር። ማለትም የባልዲያችን ኦሞ አንድ ቀን የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ሻይ ውስጥ አረፋ ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን እያፈላን ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ተንተክትኮ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ባለቤቴ ደግሞ የመብራቱ ሂሳብ ሲመጣ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል ባይ ናት። ጀበናን ማንም አያማርርም። ቡና እስኪፈላ፣ እስኪሰክን፣ ወሬው እስኪያልቅ ሦስት ደቂቃ ምን አላት? በዚህ ቤት ካሉት ሁሉ የጀበናው ውሃ ነው ከጥርጣሬ የዳነው፤ ከየትኛው ቧንቧ እንደተቀዳም ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ቤት ተጠራን። የዕርቅ ምሳ ነው መሰለኝ፣ ዶሮ ነበረው። ልጄን መንገድ ላይ አሥር ጊዜ አስጠንቅቀነዋል። ወጡ ያቃጥላል፣ ባለቤቴ ውሃ ጠየቀች። አክስቴ "ሃይላንዱን አምጪ" ብላ ልጇን ላከቻት። ልጅቷ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። የሲንኩ ቧንቧ ሲከፈት ሰማን፤ "ፍስስስ" አለና ዝም። ከዚያ የእግሯ ኮቴ በኮሪደሩ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ አለፈ። አንድ በር ሲጥ አለ። ከዚያም ጠባብ አፍ ያለው ነገር ሲሞላ የሚያሰማው ድምፅ፤ ጉልጉል፣ ጉልጉል፣ ጉል።

ማንም ማንንም አላየም። የአክስቴ ባል ዶሮዋን በጣም አተኩረው ይመለከታሉ። ልጄ አፉን ሲከፍት ባለቤቴ እግሩን ረገጠችው።

"ጠጡ እንጂ" አለች አክስቴ እየቀዳች፣ "የታሸገ ነው።"

ጠጣን። ከእኛው ቀዝቀዝ ይላል።