ፍየሉን ተዉትና ቲማቲሙን ስጡኝ

እናንተዬ፣ ጉዴን ስሙልኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ኢካሪያ በምትባል የግሪክ ደሴት ላንጋዳ የሚባል መንደር ነኝ፣ ቫዮሊኑ አልቆመም፣ ወደ አርሜኒስቲስ የሚያወርደኝ መኪናም የለም። ይዞኝ የመጣው ልጅ ከማላውቀው ሰው ሁሉ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ እየጨፈረ ነው። "መቼ ነው የምንሄደው?" አልኩት። "ሲያልቅ።" "መቼ ነው የሚያልቀው?" "ፀሐይ ስትወጣ።" ጸጥ ያለ ደሴት ነው፣ ታርፊያለሽ ብላችሁ ኢካሪያ የላካችሁኝ ሰዎች፣ ስማችሁን አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ለማንኛውም ርቦኛል። ከዛ ነው ነገሩ የጀመረው።

ዛሬ እነሱ ጋ ኦገስት 15 ነው፣ የእመቤታችን በዓል። ጾማቸው ትናንት አልቋል። እኛ ጋ ግን ነሐሴ 9 ነው፣ ፍልሰታ ገና አንድ ሳምንት ይቀረዋል። ይሄን እናንተ ታውቃላችሁ። እዚህ ማንም አያውቅም፣ እኔም ላስረዳ አልመጣሁም። ሰላጣ ነው የፈለግኩት። ሰላጣ!

እዚህ በዓል ላይ የሚያበስሉት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ትሰለፋላችሁ፣ የፍየል ሥጋ በኪሎ ይመዘንላችኋል፣ ከዛ ዳቦ፣ ሰላጣ፣ ድንች ጥብስ፣ የአገሩ ወይን። ትርፉ ለመንደሩ ይውላል፣ መንገድ ይሠሩበታል። ጥሩ ነገር ነው፣ ክፉ አልወጣኝም። ዘላለም የሚያህል ሰልፍ ጠብቄ ተራዬ ደረሰ። የሚመዝኑት አባባ ሰማንያን ያለፉ ይመስላሉ። እዚህ ደሴት ሰው ቶሎ አይሞትም ተብሎ ዓለም ሁሉ የሚያወራው እውነት ሳይሆን አይቀርም፣ ምክንያቱም ጉልበታቸው ገና እንዳለ ነው፣ በተለይ የጉሮሯቸው።

"ስንት ኪሎ፣ ፔዲ ሙ?" ልጄ ማለታቸው ነው።

"ሥጋ አልፈልግም። ዳቦና ሰላጣ ብቻ። አይብ አይግባበት።"

ቢላዋውን አስቀመጡት። "አሞሻል እንዴ?"

"አይ፣ ጾም ላይ ነኝ።"

"ጾሙ ትናንት አልቋል!" አሉ። ቫዮሊን የሚጫወተው ሰውዬ ዞር ብሎ አየን።

"የእኛ እስከ ኦገስት 22 ነው።"

"የእናንተ የእነማን?"

"የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ።"

"ኦርቶዶክስ ከሆንሽማ ትናንት አልቋል።"

ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ማን እንደጠራት እንጃ፣ ገባችበት። "የአሮጌው ካሌንደር ሰው ትሆናለቻ!" አለች። በ1924 እ.ኤ.አ. የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ካሌንደር ስትቀይር አንቀበልም ብለው የቀሩት አሉ አይደል፣ አቴናም ሞልተዋል። አባባ ከእነሱ ጋር የቆየ ነገር አላቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው ጠቆረ። "አይደለሁም" አልኩ። እነሱማ በዓሉን የሚያከብሩት በኦገስት 28 ነው። "ታዲያ 22 ከየት መጣ?" አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልስም አለው። ግን ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ በግሪክኛ፣ አንጀቴ እየጮኸ ባሕረ ሐሳብ ላስተምር?

አላለቀም። አንድ ጺማም ልጅ ከወደ ኋላ "እነሱ እኮ ኬልቄዶንን አልተቀበሉም!" ብሎ ጮኸ። ነገረ መለኮት ተማሪ ነኝ አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። እንግዲህ በ451 እ.ኤ.አ. ኬልቄዶን ጉባኤ ላይ ጳጳሳት የተጣሉበትን ጉዳይ ፍየል ሊገዛ በተሰለፈ ሕዝብ ፊት እኔ ልጨርሰው። "ሞኖፊሳይት ናችሁ" አለኝ፣ ክርስቶስን አንድ ባሕርይ ብቻ ነው ትላላችሁ ማለቱ ነው። "ተዋሕዶ ነን" አልኩት። "ያው ነው" አለኝ። ያው ነው?! ከ1,500 ዓመት በላይ የተኳረፍንበትን ነገር አንድ ቢራ የያዘ ልጅ "ያው ነው" ብሎ ዘጋው።

አባባ ግን ኬልቄዶን ምናቸው ነው። እሳቸው የሚያሳስባቸው ሳልበላ እንዳልሄድ ነው። "እሺ፣ ኦክቶፐስ ይምጣልሽ። ደም የለውም፣ በጾም ይበላል።" እነሱ እኮ በጾም ኦክቶፐሱንም ካላማሪውንም ሽሪምፑንም ይበላሉ። "እኛ አንበላም" አልኩ። "ኦክቶፐስ እንኳን?" አሉ። ሴትየዋ "ኦክቶፐስ እንኳን" አለች። ሰልፉ እየተቀባበለ ወደ ኋላ አሳለፈው። መጨረሻው ጋ ሲደርስ ምን ሆኖ እንደደረሰ እግዜር ይወቅ፣ አሁን በአጠገቤ የሚያልፈው ሁሉ ዘመድ የሞተብኝ ይመስል አንገቱን እየነቀነቀ ነው።

ሰላጣው መጣ። ቲማቲም፣ ኪያር፣ ሽንኩርት፣ ከላዩ ላይ ጡብ የሚያክል ፌታ። "አባባ፣ አይብ አልኩ እኮ።" በሁለት ጣታቸው አነሱና የጎረቤቴ ሳህን ላይ ጣሉት። "ይኸው፣ የጾም ሆነ።" ከፈልኩ። ፌታውንም ጨምሬ።

ይሄ የካሌንደር ነገር እኮ ዕዳዬ ነው። ጳጉሜ የተወለደ ሰው ያውቀዋል። አቴና አንድ መሥሪያ ቤት የልደት ወረቀቴን ያየችው ሴትዮ "አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር የለም፣ አስተካክለሽ ነይ" ብላ መልሳኛለች። ማንን ነው የማስተካክለው? እናቴን?

እና ደግሞ ባሕሩ። ባሕር ዳር ተኝተሽ አንብቢ አይደል ያላችሁኝ? ሜሳክቲ የሚባል ባሕር ዳርቻ ሄድኩ። አሸዋው ያምራል፣ አልዋሽም። ግን የነሐሴ ንፋስ አለላችሁ፣ ሜልቴሚ የሚሉት። ማዕበሉ አንዴ ሲመጣ ጫማዬን ይዞብኝ ሄደ። ትንሽ ገባ ስል ጠባቂው ፊሽካውን ነፋብኝ። ሕፃን ልጅ እንኳን እንደዛ አይነፋበትም። ጸጥ ያለ ነው ያሉኝ ናስ የሚባል ሌላ ባሕር ዳርቻ ሄድኩ። ወንዝ ከባሕር ይገናኛል፣ አጠገቡ የአርጤምስ መቅደስ ፍርስራሽ አለ፣ እንዴት ደስ ይላል እያልኩ ደረጃውን ወረድኩ። ስደርስ ግማሹ ሰው ራቁቱን ነው። በፍልሰታ! ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ፍርስራሹን ብቻ እያየሁ ተመለስኩ። አንዱ ራቁቱን የሆነ ሰውዬ ደግሞ "ካሊሜራ" (እንደምን አደርሽ) አለኝ፣ በጣም በትሕትና።

ዳቦ ልግዛ ብዬ ክሪስቶስ ራኬስ የሚባል መንደር በጠዋት ወጣሁ። ዝግ። ሱቆቹ የሚነቁት ማታ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ሚስማር መግዛት ይቻላል፣ ጠዋት ዳቦ አይቻልም። ለምን ብዬ ስጠይቅ "ምን አስቸኮለሽ?" አሉኝ። ርቦኝ ነዋ! እዚህ ደሴት ሁሉም ሰው ይሄንኑ ነው የሚጠይቀኝ፣ ምን አስቸኮለሽ። ሥራ አለኝ! የእናንተን ዕድሜ እኔ የለኝም!

አውቶቡሱንማ አታንሱብኝ።

መመለሻዬን ደግሞ ስሙ። ደሴቱ ሁለት ወደብ አለው፣ ኤቭዲሎስ በሰሜን፣ አጊዮስ ኪሪኮስ በደቡብ፣ መሃል ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ተራራ። እኔ በሰሜን ነኝ፣ ቲኬቴ በደቡብ። ቲኬት የሸጠችልኝን ልጅ ይቀየርልኝ ስላት "መርከቡ መምጣቱን መጀመሪያ እንይ" አለችኝ። ንፋሱ ከበረታ የወደቡ ሰዎች ጉዞ ይከለክላሉ። "ሰኞ ሥራ እገባለሁ እኮ" አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች፣ በመስኮት ወደ ባሕሩ አሳየችኝ። ከባሕሩ ጋር ተነጋገሪ ማለቷ ነው። ደሴቱ ስሙን ያገኘው ክንፉ ቀልጦ እዚሁ ባሕር ከወደቀው ከኢካሮስ ነው ይባላል። መርከብ ጠብቆ ሰልችቶት ነው የበረረው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ድሮ መንግሥት ኮሚኒስቶችን በግዞት የሚልከው ወደዚህ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ሚኪስ ቴዎዶራኪስ ራሱ እዚህ ተግዟል። እኔ ከፍዬ መጣሁ።

ይኸው ሽማግሌው ደግሞ ቁጭ ያልኩበት መጡ። ወይን ይዘዋል። ወይንስ ይቻላል ወይ አሉኝ። በእኛ ዛሬ አይቻልም አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ታዲያ ምንድን ነው የምትችሉት?" አሉ። ሽሮ አልኩ። ሽሮ ምንድን ነው አሉ። ተነስቼ ላስረዳ ስል ቫዮሊኑ ደመቀ፣ ጥለውኝ ሄደው መሃል ገቡ። በሰማንያ ዓመታቸው እየዘለሉ ነው። እኔ ወንበር ላይ ደርቄያለሁ። ደብረ ታቦርንም በኦገስት 6 አክብረው ጨርሰዋል፣ እኛ ለቡሄ ገና አራት ቀን ይቀረናል። በሁሉም ነገር ቀድመውናል፣ ከመርከቡ በስተቀር።

ሰኞ ከደረስኩ ሽሮ ጠብቁኝ፣ ቃሪያ ያለበት። ካልደረስኩ ለአለቃዬ አንዳችሁ ደውሉልኝ። እና ከእናንተ መሃል "ቆይ፣ ዓሣ በፍልሰታ ይበላል አይደል?" ብሎ ኮሜንት የሚጽፍ ሰው እንዳላይ። በማርያም፣ ዛሬ አልችልም። ብሎክ ነው የማደርገው።