ክብር ለደሴ መጥረጊያ!

ደሴን የሚያሞግስ ሰው ጠፍቶ አያውቅም፣ ቡናዋ መንዙማዋ ጨዋታዋ የሰዉ ፍቅር ተብሎ ተብሎ አልቋል። የአምፖል አያያዛችንን ግን አንድም ሰው ሲያደንቅ ሰምቼ ስለማላውቅ ዛሬ እሷን ጉድለት ልሞላ ነው የተነሳሁት። ወላሂ በዚህ ሙያ ከሰኞ ገበያ እስከ ቧንቧ ውሃ፣ ሐረጎን ወርዶም እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ያለውን ህዝብ የሚስተካከል የለም።

ከግዢው ልጀምር። ሱቅ ገብተን "ቆጣቢ አምፖል አለ?" እንላለን፣ ያቺን ጠምዛዛ መስታወት ያላትን ማለታችን ነው፣ ባለሱቁ ሁለት አይነት ያወጣል፣ አንደኛው ካርቶኑ ላይ ዋቱም እድሜውም የተሰራበት ፋብሪካም በስርአት የተፃፈበት፣ ሌላኛው ፊደሉ ተዛንፎ የታተመ የታዋቂ ድርጅት ስም አንድ ሆሄ ተቀይሮ የተለጠፈበት። ዋጋ እንጠይቃለን፣ ከዛ በኋላ የትኛውን ይዘን እንደምንወጣ መንገር አያስፈልግም። ደግሞ ሳንፈትሽ አንገዛም እኮ፣ ጠንቃቃ ነን፣ ባለሱቁ ባንኮኒው ላይ ባለችው ፖርታላምፓ ያጠልቃትና ቦግ! በራ? በራ። አለቀ፣ ጥራት ተረጋገጠ። ከስር ባለችው ነጭ ፕላስቲክ ውስጥ ባላስት የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት አለ፣ አምፖሉ እድሜውን ሲጨርስ የሚግለውና የሚሸተው እሱ ነው፣ በደንብ የተሰራው ፕላስቲኩ እሳት እንዳይዝ ተደርጎ ነው የሚሰራው፣ ፊደሉ የተዛነፈው ግን ምን እንደሚያደርግ ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ መጨነቅ የስራ ፈት ወሬ ነው። ደግሞ ሽታው ሲመጣ መፍትሄው በእጃችን ነው፣ "ጎረቤት ሽሮ አሳረረ" እንልና መስኮት እንዘጋለን። አንገቱ ላይ ጠቆር ብሎ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ደግሞ በመጥረጊያው እንጨት ኮርኮም ማድረግ ነው፣ አንዳንዴ ይሰራል! (መጥረጊያውን ልብ በሉልኝ፣ ገና ብዙ ጀብዱ አለው።)

አሰቃቀሉም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ብሬከር ማጥፋት የፈሪ ስራ ስለሆነ ወንበር ላይ ሌላ ወንበር ይደረጋል፣ አንዱ ልጅ ከስር ይይዛል፣ ሌላው ስልክ ያበራል፣ አባወራው ደግሞ ጠምዛዛዋን መስታወት ጨብጦ ማዞር ነው። ከስር ያለውን ፕላስቲክ ይዘህ አዙር፣ መስታወቱ ቀጭን ነው እጅህ ላይ ይሰበራል የሚል ካለ "አንተ ነህ አምፖል የምታስተምረኝ" ይባላል። ማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ ተገላብጦ ከተዘረጋ ፖርታላምፓው ላይ ኤሌክትሪክ ሊኖር እንደሚችል የሚያውቀው የነዘረው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ከሳቀበት በኋላ ይረሳዋል። ናስትሮ ካለቀ ደግሞ ፌስታል አለ፣ ፌስታል ቀዶ ገመድ ላይ ጠቅልሎ ማሰር የቻለ ህዝብ ምን ይሳነዋል።

የኔን ልብ የሚማርከው ግን የቁጠባ ስሌታችን ነው። ቢጫው አምፖል እያለ የእናቶቻችን ጭቅጭቅ ትዝ ይላችኋል አይደል፣ "መብራቱን አጥፉ! ቆጣሪው ሮጠ!" ያ ሁሉ ቀረ፣ ምክንያቱም አሁን አምፖሉ ቆጣቢ ነው፣ ቆጣቢ የሆነ ነገር ደግሞ አይጠፋም። ጠዋት ይበራል፣ ፀሐይ ሙሉ ሆና ወጥታም ይበራል፣ እንግዳ "ኧረ መብራቱ በቀን?" ሲል "ኢኮኖሚ ነው፣ አይቆጥርም" ይባላል። እስቲ እናስላው፣ 60 ዋቱ ቢጫ አምፖል ማታ ማታ 4 ሰዓት በርቶ ሲጠፋ 240 ዋት ሰዓት ይበላል። ያንኑ ያህል ብርሃን ይሰጣል ተብሎ የሚሸጠው 11 ዋቱ ቆጣቢ ቀን ከሌት 24 ሰዓት ሲበራ 264 ይበላል። እንግዲህ ከቢጫው በልጦ መብላት ችሏል ማለት ነው፣ ይሄን ማሳካት ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ አምፖሉን የፈለሰፉት ሰዎች እንኳ ያላሰቡት ውጤት ነው። ቢጫው ደግሞ ከሚበላው 90 በመቶ አካባቢውን ወደ ሙቀት ነበር የሚቀይረው፣ በኛ ብርድ ቢያንስ ጥቅም ነበረው ለማለት ያህል ነው።

ማጥፋት በሌለብን ቦታ ደግሞ ማጥፋት እናውቃለን፣ ሽንት ቤት። ቆጣቢ አምፖል በየደቂቃው ሲበራና ሲጠፋ እድሜው ያጥራል፣ አሜሪካኖቹ 15 ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሰህ የምትገባ ከሆነ አታጥፋው እስከማለት ደርሰዋል። እኛ ግን እዛች ቦታ ላይ ነው ቁጠባ የሚያነሳሳን፣ ቤተሰቡ በሙሉ በየተራ ገባ ወጣ ቀጭ ቋ ቀጭ ቋ። ደግሞ አምፖሉ በርቶ ሙሉ ብርሃኑን ለመስጠት ትንሽ መሟሟቅ ይፈልጋል፣ በደሴ ብርድ ደግሞ ይብሳል፣ ስለዚ ሰውየው በድንግዝግዝ ይገባል፣ በድንግዝግዝ ጉዳዩን ይጨርሳል፣ ልክ ሊወጣ ሲል አምፖሉ ወገግ ይላል፣ ያኔ ያጠፋዋል። ካርቶኑ ላይ 6000 ሰዓት ምናምን የሚል አምፖል በጥቂት ወር ሲሞት "ፎርጅድ ሸጡልን" ብለን ባለሱቁን እንረግማለን።

ለማትሪክ የሚያጠናው ልጅ አምፖሉን በገመድ አውርዶ ግንባሩ ስር ማንጠልጠሉንም ሳላደንቅ አላልፍም። ጠምዛዛው መስታወት ውስጥ የሚፈጠረው አልትራቫዮሌት ነው፣ ነጩ ቅብ ነው እሱን ወደሚታይ ብርሃን የሚቀይረው፣ ቅቡ በተሰነጠቀበት ትንሽ ትንሽ ያመልጣል። የእንግሊዝ የጤና ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ሽፋን የሌለውን አይነት በቀን ከ1 ሰዓት በላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ከ30 ሳንቲ ሜትር አታቅርቡት ብሎ ነበር። ተደራቢ መስታወት ያለውን ግዙ ወይ ራቅ አድርጉ፣ በቃ ይሄው ነው ምክሩ፣ የሚያስፈራም የሚያስወጣም ነገር የለው። እኛ ጋ ግን ልጁ አምፖሉን ካላቀፈው እያጠና አይመስልም።

አሁን ወደ ጀግናው መጥረጊያ እንምጣ።

አምፖሉ ወደቀ። ጧ! "ቢስሚላህ!" ከዛ በቤቱ ያለ ህፃን ሁሉ በባዶ እግሩ ተሰብስቦ ለማየት ይመጣል፣ ምንጣፉ ላይ ነጭ ዱቄት በትኗል፣ የቤቱ እመቤት ወገቧን አጥብቃ መጥረጊያ ታነሳለች። በዚህ መሀል አንድ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ያነበበ የጎረቤት ልጅ ይኖራል፣ ሁሌም አይጠፋም።

"እትዬ፣ ልጆቹን ይዘው ትንሽ ደጅ ይውጡ፣ መስኮቱም 10 ደቂቃ ያህል ይከፈት፣ ጋዝ አለው።"

"የምን ጋዝ? በኩራዝ ጭስ ያደግኩ ሴት ነኝ፣ ደሞ አምፖል ይገለኛል?"

"ሜርኩሪ እኮ ነው እትዬ፣ ባዜቃ የሚሉት፣ በመጥረጊያ ከጠረጉት ይበተናል።"

"አብሽር ልጄ። መስኮቱን ዝጋው ብርዱ ገባ፣ ይልቅ ያቺን መጥረጊያ አቀብለኝ።"

እትዬ ግማሽ እውነት አላቸው፣ እሱን ልደብቅ አልፈልግም። አንድ ቆጣቢ አምፖል ውስጥ ያለው ሜርኩሪ 4 ሚሊግራም አካባቢ ነው፣ የድሮው የብርጭቆ ቴርሞሜትር እኮ 500 ሚሊግራም ድረስ ይይዝ ነበር። አንድ አምፖል ስለተሰበረ ለቅሶ አይደረስም። ሜርኩሪ ግን ተቀምጦ አይጠብቅም፣ በክፍሉ ሙቀት እንኳ እየተነነ አየሩ ውስጥ ይገባል፣ ሲተነፍሱት ነው የሚጎዳው፣ ነርቭና ኩላሊት ነው የሚፈልገው፣ ከሁሉ በላይ ምንጣፍ ላይ የሚድህ ህፃንና ነፍሰ ጡር ናቸው መጠበቅ ያለባቸው። እና እኛ ምን እናደርጋለን፣ ጠባብ ክፍል፣ የተዘጋ መስኮት፣ የሚድህ ልጅ እና መጥረጊያ! መጥረጊያው ዱቄቱን ከአንድ ጥግ አንስቶ ለአራቱም ጥግ በእኩል ያከፋፍላል፣ ፍትህ ማለት እንዲህ ነው፣ ከዛ ሳይታጠብ ወደ ማድቤት ይሄዳል፣ ከሰአት ደግሞ ቡና ሊፈላ ሲል ሳሎኑን ይጠርጋል። የተረፈውን ዱቄት በጨርቅ ጠራርገን ጨርቁን እናራግፍና ጠረጴዛ እንወለውልበታለን።

ፈረንጆቹ ቫኪዩም ክሊነር እንዳትጠቀሙ ብለው ያስጠነቅቃሉ፣ ይሄን ትእዛዝ መቶ በመቶ አክብረናል፣ ስለሌለን። የቀረውን ሲያስረዱ ደግሞ ያስቃሉ፣ ስብርባሪውን በጠንካራ ካርቶን ዛቅ ዛቅ አድርግ፣ ደቃቁን በፕላስተር እየለጠፍክ አንሳ፣ መጨረሻ ላይ በእርጥብ ሶፍት ጥረግና ሁሉንም ክዳን ያለው ብርጭቆ እቃ ውስጥ ከተህ ግጠመው፣ ከዛ እጅህን ታጠብ። የማርማላታ ብርጭቆ፣ የደብተር ሽፋንና ፕላስተር! በየቤቱ ያለ እቃ ነው፣ ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም፣ ለዛ ይሆናል ያልወደድነው። ደግሞ የማርማላታው ብርጭቆ በርበሬ ይዟል።

የሚወገድበት ዘዴማ ጭራሽ ሌላ ደረጃ ላይ ነው። ያለቀ አምፖል ያው ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር በፌስታል ገንዳ ውስጥ ነው፣ ረጅሙ ሸምበቆ መብራት ከተገኘ ደግሞ የሰፈር ልጆች ሰርግ ነው፣ ግድግዳ ላይ ሲወረውሩት እንደ ርችት ይፈነዳል፣ ነጭ ጭስም ያወጣል፣ ትልልቆቹም ቆመው ይስቃሉ። ዝናብ ሲመጣ ሁሉንም አጥቦ ወደ ቦርከና ይወስድልናል፣ ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ አዋሽ ይገባል፣ ከዛ በኋላ ያለው የታች ሰዎች ጉዳይ ነው። ውሃ ውስጥ የገባ ሜርኩሪን ጥቃቅን ህዋሳት ወደባሰ መርዝ ይቀይሩታል፣ አሳ ውስጥ ይጠራቀማል። ጃፓን ሚናማታ በምትባል ከተማ ፋብሪካ ወደ ባህር በለቀቀው ሜርኩሪ ምክንያት ሰው መንቀጥቀጥና መሽመድመድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው የታወቀው፣ በስሟም አለም አቀፍ ስምምነት ተፈርሟል። እዛ ያለው ብዛት ከኛ አምፖል ጋር በፍፁም አይወዳደርም፣ ቢሆንም ስምምነቱ እስከ 30 ዋት ያሉትን እነዚህን ቆጣቢዎች ከእ.ኤ.አ. 2025 በኋላ አትስሩ፣ ከሀገር ሀገርም አታሻግሩ ብሏል። ሜርኩሪ የሌለው ኤልኢዲ የሚባል አምፖል ስለመጣ ነው ነገሩ። እኛ ግን ነጭ ሆኖ የበራ ሁሉ "ኢኮኖሚ" ስለሆነ ልዩነቱን ካርቶኑ ላይ አናነብም፣ ሱቁ ሜርኩሪ ያለውን ቢያራግፍ "ረከሰ!" ብለን ሶስት ሶስት እንገዛለን እንጂ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ልዋጩ ነው። የተቀደደ ጫማ ይወስዳል፣ የተሰነጠቀ ባልዲ ይወስዳል፣ እጀታ የሌለው ድስት፣ የሞተ ራዲዮ፣ ኧረ ምን የማይወስደው አለ፣ በምትኩ ሳፋና ብርጭቆ ይሰጣል። ባለፈው የሰፈራችን ሴቶች ያለቁ አምፖሎች በፌስታል አጠራቅመው ቢያቀርቡለት ፌስታሉን ገልጦ አየና "ይሄንስ አልወስድም" አለ። ምክንያቱን የጠየቀው የለም፣ ዋጋ ሊያስወርድ ነው ብለው ትንሽ ተከራከሩት፣ "በአንድ ብርጭቆ እንኳ?" አሉት፣ እምቢ አለ። ሲመሽ ፌስታሉን የጎረቤት አጥር ስር አስቀምጠውት ገቡ፣ ጎረቤትየው ደግሞ ሲነጋ አይቶት በመጥረጊያው ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ መንገዱ አወጣው።