ለሚጨፍረው የፊት መብራት የቀረበ ውዳሴ

አዲስ አበባ ካፈራቻቸው ባለሙያዎች መካከል እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና ያላገኙት፣ የአንዲት ቪትዝን የኤሌክትሪክ ጉልበት ጠቅልለው ለሙዚቃው ወፍራም ድምፅ፣ ለቤዝ፣ ያስረከቡት ወጣት ባለመኪኖች ናቸው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በቦሌ መንገድ ሲያልፉ ልብ ብሎ የተመለከታቸው ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል፤ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ የተጫነው ድምፅ ማጉያ በደለቀ ቁጥር የፊት መብራታቸው ቦግ እልም ይላል። ሌላ ቦታ ለእንዲህ ያለ የብርሃንና የድምፅ ትርኢት መግቢያ ይከፈልበታል፤ እነርሱ ግን ለእግረኛውም፣ ለትራፊክ ፖሊሱም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሕፃን ለማስተኛት ለምትታገለው እናትም ያለ አድልዎ በነፃ ያቀርባሉ። አንድ የሃሎጂን አምፖል የሚደርሰው ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ የሚያውቁ ምቀኞች ይህን እንደ ብልሽት ይቆጥሩታል። በእርግጥ ፊት ለፊቱ ያለውን መንገድ ማየት ለሚፈልግ ሾፌር ብልሽት ነው፤ ዓላማው መታየት ለሆነ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መብራት ከየት ይገኛል?

የእነዚህ ሰዎች ጥበብ የሚጀምረው ከግዢው ነው። ወደ መርካቶ ወርደው፣ ለድምፅ ማጉያው ጉልበት የሚሰጠውን፣ ካርቶኑ ላይ በወርቃማ ቀለም «5000 ዋት» ተብሎ የተጻፈበትን አምፕሊፋየር መርጠው ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የሚነበበው እርካታ ያስቀናል። ዕቃውን ገልብጦ ጎኑን ያየ ሰው ሁለት ባለ 30 አምፔር ፊውዞች ተሰክተውበት ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ኤሌክትሪክ ካለፈ ተቃጥለው መስመሩን ይቆርጣሉ። 60 አምፔር በ14 ቮልት ሲባዛ 840 ዋት ነው፤ ከባትሪው የሚወስደው ይህን ያህል ከሆነ፣ እጅግ ቆጣቢ የሚባለው ዓይነት እንኳ 80 በመቶውን ወደ ድምፅ ማጉያው ቢያሳልፍ የሚወጣው 670 ዋት ገደማ ይሆናል። የቀረው አራት ሺህ ምናምን ዋት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ጀግኖቻችን ግን እንዲህ ያለውን የማባዛት ሥራ ለተማሪዎች ትተው ካርቶኑን ያምናሉ፤ ካርቶኑንም አይጥሉትም፣ ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጡታል።

እዚህ ላይ ስለ ዲናሞ ጥቂት ማለት ግድ ነው፤ ምክንያቱም እነርሱ በጭራሽ አያነሡትም። ሞተሩ ጎን ላይ በቺንጋ የሚዞረው ይህ ዕቃ መኪናው ሲሄድ የሚፈልገውን ኤሌክትሪክ ሁሉ የሚያመነጭ ነው። በትንንሽ የቤት መኪናዎች ላይ ፋብሪካው የሚገጥመው ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 አምፔር ገደማ የሚሰጥ ሲሆን፣ ይህም ሞተሩ በቂ ዙር ሲኖረው ነው። ማታ መብራቱ፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ የሞተሩ ኮምፒዩተርና ንፋስ የሚሰጠው ፋን ከዚህ ላይ በድምሩ ከ30 እስከ 40 አምፔር ይወስዳሉ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ደግሞ የዲናሞው ምርት ወደ ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከመገናኛ እስከ ቦሌ በተዘጋጋ መንገድ ላይ ለተቀመጠ ባለ መኪና ለሙዚቃ የሚተርፈው የለም ማለት ይቻላል። ሙዚቃው እስከ መጨረሻው የሚከፈተው ደግሞ በትክክል እዚያ ነው፤ በሚሮጥ መኪና ማን ይሰማል? የጎደለው ሁሉ ከባትሪው ይቀዳል፤ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብርቱ ጉልበት እንዲሰጥ የተሠራው ያ ባትሪም በየምሽቱ ደርቆ እያደረ፣ ዓመታት ሊያገለግል ሲገባው በወራት ይሰናበታል።

የሰፈራችን አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ጋር ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ወጣቱ በትሕትና «ጋሼ፣ ባትሪው ደክሟል መሰለኝ፤ አንድ ሌላ ይጨመርልኝ» አላቸው። እርሳቸውም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ልጄ፣ ባትሪ ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም። አንዱን ያልሞላው ዲናሞ ሁለቱን በምን ይሞላቸዋል? ይልቅ ዲናሞውን ከፍ እናድርገው፤ ስንገዛም በዝቅተኛ ዙር ስንት እንደሚሰጥ ጠይቀን እንግዛ» አሉት። ወጣቱ ጥቂት አሰበና «እሱስ ልክ ነዎት ጋሼ፤ ግን ዲናሞ ቢቀየር ማን ያየዋል?» ብሎ መለሰ። በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ያለው ጥልቀት አስደንቆኛል። ዲናሞ ከኮፈኑ ስር በዘይትና በአቧራ ተሸፍኖ የሚኖር ዕቃ ነው፤ ሰማያዊ መብራት የለውም፣ ጓደኛ ተጠርቶ አይጎበኝም፣ ፎቶም አይነሣም። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ገንዘብ ማውጣት አስተዋይ ሰው የሚፈጽመው ተግባር አይደለም።

ሰማያዊ መብራት ካነሣን አይቀር፣ ካፓሲተሩን ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ይሆናል። ይህ የውኃ ጠርሙስ የሚያህል፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ ይዞ በቅጽበት የሚለቅ፣ ግንባሩ ላይ ቮልቴጁን በቁጥር የሚያበራ ሲሊንደር የባለሙያዎቻችን የመጨረሻ መፍትሔ ነው፤ የመብራቱን መጨፈር ያስቀራል ተብሎ ይገዛል። የመያዝ አቅሙ 1 ፋራድ የሆነው ከ14 ቮልት ወደ 12 ቮልት እስኪወርድ ድረስ የሚሰጠው ጉልበት 26 ጁል ነው። 1000 ዋት፣ ማለትም በሰከንድ 1000 ጁል፣ የሚስብ አምፕሊፋየር ይህን በ0.026 ሰከንድ ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ዓይን ተርገብግቦ ሳይከደን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ካፓሲተሩ ራሱ መሞላት ስለሚፈልግ ከዚያው ከደከመ ዲናሞ ለመጠጣት ወረፋ ይይዛል። ደግነቱ፣ ግንባሩ ላይ ያለው ቁጥር በዚያ መኪና ውስጥ እውነት የሚናገር ብቸኛ ዕቃ ነው። ቤዙ በመታ ቁጥር 13.9፣ 12.6፣ 11.4 እያለ የመኪናውን የጤና ሁኔታ ያለ ይሉኝታ ያስነብባል። ባለቤቱም ቁጥሩ ከሙዚቃው ጋር እኩል ስለሚንቀሳቀስ በኩራት ለጓደኞቹ ያሳያል።

ስለ ገመዱም እንዲሁ። 100 አምፔር ከሞተር ክፍል እስከ መኪናው ጀርባ አምስት ሜትር ያህል ለማሻገር ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው ንጹሕ መዳብ ያስፈልጋል፤ ከዲናሞው ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናው ቦዲ፣ ከሞተሩም ወደ ቦዲው የሚሄዱት ሦስት የፋብሪካ ገመዶችም በዚያው ልክ መወፈር አለባቸው። ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ጥሩ ካፓሲተር ዋጋ ላይበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን አሁንም የሚታይ ነገር የለውም። ስለዚህ የሚመረጠው ላስቲኩ ወፍራም፣ ውስጡ ቀጭን፣ ያም ቀጭን አሉሚኒየም ሆኖ መዳብ የተቀባ ገመድ ነው። ይህ ገመድ ኤሌክትሪኩን በመንገዱ ላይ ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ምንጣፉን ከስር ያሞቃል፤ በሐምሌ ብርድ እግሩ የቀዘቀዘ ተሳፋሪ ምስጋናውን ሊነፍግ አይገባም። ገመዱ የሞተሩን ክፍል ከውስጡ በሚለየው ብረት ላይ በተበሳ ጥሬ ቀዳዳ ያልፋል፤ ጎማ ይደረግበት የሚሉ አሉ። ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ዋና ፊውዝ ይግባ የሚሉም አሉ፤ ገመዱ ተፍቆ ብረቱን የነካ ቀን እሳት እንዳይነሣ ነው ይላሉ። እነዚህ ፈሪዎች ናቸው። ባለሙያዎቻችን እሳቱ ሲነሣ መስኮት ከፍተው የሚሮጡ ደፋሮች ናቸው።

ሁለተኛው ባትሪ የት እንደሚቀመጥ ብትጠይቁኝ፣ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው እላችኋለሁ። ዝግ የሆነው ዓይነት ውድ ስለሆነ፣ ውኃ የሚጨመርበት ተራ ባትሪ፣ ያውም ከሌላ መኪና የወጣ አሮጌ፣ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይታሰራል። አሮጌው አዲሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣው ያድራል። ቀን ቀን ሲሞላ ደግሞ የሃይድሮጅን ጋዝ ይተነፍሳል፤ ሙዚቃው እንዳይባክን መስኮቱ በተዘጋበት ክፍል ውስጥ፣ ተሳፋሪዎቹ ሲጋራ ለመለኮስ ክብሪት ሲፈልጉ።

ይህ ሁሉ ለሰፈር ማኅበራዊ ኑሮ ያበረከተውን አስተዋፅኦ ችላ ማለት ግፍ ነው። የጎረቤታሞች ፍቅር ቀዘቀዘ ተብሎ በሚነገርበት ዘመን፣ በየማለዳው ግቢ ለግቢ እየዞሩ «እባክዎ ጋሼ፣ ባትሪዬን ለአፍታ ያበርቱልኝ» የሚሉ ወጣቶች ያሉት ሰፈር ስንቱ ነው? ድሮ መኪና በመግፋት ይነሣ ነበር፤ ማርሹ አውቶማቲክ የሆነ መኪና ግን በመግፋት አይነሣም፤ ስለዚህ የግድ የሌላ ሰው መኪና ኮፈን መከፈት አለበት። ሌሊት እንቅልፍ የነሡትን ሰው ጠዋት ባትሪ መለመን ምን ያህል የመንፈስ ጥንካሬ እንደሚጠይቅ አስቡት። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ላይ ተመሥርቶ የወጣው ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ቢፈቅድም፣ እኚያ ጋሼ ዴሲቤል ለመለካት አይሞክሩም፤ ገመዱን እያቀበሉ «ተባረክ» ይላሉ። እንዴት እንደሚሉት ግን ቢሰማ ጥሩ ነበር።

ወደፊቱስ ብሩህ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል፤ ባለሙያዎቻችንም ወደ እነርሱ እየተሸጋገሩ ነው። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ቺንጋም ዲናሞም የለም፤ ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላት የትልቁን ባትሪ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያወርድ መቀየሪያ ነው፤ አቅሙም ፋብሪካው በወሰነለት ልክ የታሰረ ስለሆነ እንደ ዲናሞ አውጥቶ ከፍ ባለ መተካት ቀላል አይሆንም። አንዱን ባለ አዲስ መኪና ይህን አስረድቼ፣ አምፕሊፋየሩን ከማስገጠሙ በፊት እንዲያስብበት ለመምከር ሞክሬ ነበር። በጥሞና አዳመጠኝ። ዲናሞ የሚባል ነገር እንደሌለው ስነግረው ግን ከልቡ ሳቀና «ድሮስ ምን ይሠራ ነበር?» አለኝ።