ማኪያቶዬን ደሴት ያደረጉብኝ ጋሼ

ዕድሜ ይስጣቸውና፣ የካፌ ስትራቴጂስቶቻችን ባይኖሩ ይቺ ዓለም ምን ይውጣት ነበር? ታውቋቸዋላችሁ። ወሬው ከሽንኩርት ዋጋ ቢጀምርም ሁለተኛው ማኪያቶ ሳይመጣ ውቅያኖስ ይገባል።

ቅዳሜ ዕለት አንዱ ጋሼ አጠገቤ ተቀመጡ። አንዴ ፉት ያልኩለትን ማኪያቶዬን አነሱና ጠረጴዛው መሐል አኖሩት። «ይቺ ዲዬጎ ጋርሲያ ናት» አሉ፤ ህንድ ውቅያኖስ መሐል ያለችውን፣ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ያለባትን ደሴት ማለታቸው ነው። ስኳር ማስቀመጫው ህንድ ሆነ። ስልኬ አፍሪካ። ሶፍቱ ኢራን። ማንኪያዋ ደግሞ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ። ማንኪያዋ ተነሳች፣ በፈረንጆቹ 1991 ኢራቅን መታች፣ ተመልሳ ማኪያቶዬ ውስጥ ነዳጅ ቀዳች። ጋሼ ላስ አደረጓት። 2001 አፍጋኒስታን ሄደች፤ ነዳጅ፣ ላስ። 2003 እንደገና ኢራቅ፤ ነዳጅ፣ ላስ። አረፋው አለቀ። አፍሪካ ሁለቴ ጠራች፣ እንዳነሳት አልተፈቀደልኝም።

«እንዴት ያለች ስትራቴጂክ ቦታ! ደግሞ ባዶ! ማንም የለባት!»

ባዶ መሆን እኮ በነፃ አይገኝም፣ ተለፍቶበታል። እንግሊዝ ሞሪሸስን ነፃ ከመልቀቋ በፊት፣ በ1965፣ ዲዬጎ ጋርሲያ ያለችበትን የቻጎስን ደሴቶች ቆርጣ አስቀረች። በዓመቱ ዲዬጎ ጋርሲያን ለአሜሪካ ፈቀደች። ኪራይ የለም፤ በሚሳይል ግዢ ላይ 14 ሚሊዮን ዶላር ቅናሽ ብቻ፣ እሱም በምስጢር። የለንደን ሹማምንት ነዋሪዎቹን በማስታወሻቸው «ጥቂት ታርዛኖች» እያሉ ቀለዱባቸው። ከባሕር ወፍ በቀር ነባር ነዋሪ አይኖርም ብለውም ጻፉ። እንዴት ያለ ብዕር ነው!

ውሾቹንስ? ሰዎቹ ያሳደጓቸውን ውሾች ሰብስበው ኮኮናት ማድረቂያ ቤት ውስጥ አስገቡና በጋዝ ፈጇቸው። ከዚያ ሰዎቹን በመርከብ ጭነው ሞሪሸስና ሲሼልስ ወደብ ላይ አራገፏቸው። በ1973 አንድም አልቀረም። የአያቶቻቸው መቃብር እዚያው ነው! ይኼን እየሰማ «ባዶ ናት» የሚል ሰው ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለው?

ይቅርታ፣ ለካ እያመሰገንኩ ነበር። ደሴቷ ቅርጿ የእግር ዱካ ስለሚመስል አሜሪካኖቹ «የነፃነት ዱካ» ብለው ሰየሟት። ስም ማውጣት እንዲህ ነው!

«ጋሼ፣ እንግሊዞቹ በ2025 እኮ ለሞሪሸስ ሊመልሷት ተፈራርመዋል» አልኩ። «ጦር ሰፈሩ ግን ለ99 ዓመት ይቆያል። ሰዎቹም ሌሎቹ ደሴቶች ላይ ይስፈሩ ቢባል እንኳ ዲዬጎ ጋርሲያ ላይ አይችሉም።»

«ዝርዝር ውስጥ አትግባ፣ ልጄ። ትልቁን ስዕል እይ።»

ትልቁ ስዕል ሥር የፈሰሰውን ስኳር ያዩ ጉንዳኖች ከጠረጴዛው ጠርዝ መጡ። ጋሼ ከኢራን አንድ ሶፍት መዘዙና ሳያዩ ጠረጓቸው።

«ማኪያቶዬን ልውሰድ?» አልኩ።

«ቆይ እንጂ፣ ገና ቴህራን አልደረስኩም።»