ባለ አራት ፊደሉ አፍቃሪ ይመስገን

ባሕር ዳር የታደለች ከተማ ናት። ጣና አላት፣ ዘንባባ አላት፣ አሁን ደግሞ ለፍቅረኛው የማይናገርበትን ምክንያት በስልኩ ይዞ የሚዞር ወጣት አላት። ድሮ ወዳጁን ያስቀየመ ሰው ይቅርታ ይጠይቅ፣ አማላጅ ይልክ፣ ቢያንስ ደህና ውሸት ይፈጥር ነበር። ያ ሁሉ ድካም ቀረ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የባሕርይ መጠይቅ ይሞላል፤ ከ16ቱ ዓይነቶች አንዱን የሚጠቁሙ አራት የላቲን ፊደላት ይወጡለታል፤ ከዚያ ወዲያ ላደረገውም ላላደረገውም ተጠያቂዎቹ ፊደላቱ ናቸው።

ባለፈው እሑድ ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች በአንዱ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ጥንዶች ይህን ሥልጣኔ በቅርብ አሳዩኝ። ልጁ ሦስት ቀን ስልክ አላነሳም። የት እንደከረመ ጠየቀችው። እርሱም ሳይቸኩል እጁን በሶፍት ጠረገና ስልኩን ወደ እርሷ አዞረው።

«አይኤንቲጄ ነኝ» አላት፣ የወጡለትን አራት ፊደላት እያሳየ። «የእኔ ዓይነት ሰው ስሜቱን አውጥቶ አይናገርም።»

«ስሜትህን ማን ጠየቀህ? የት ነበርህ ነው ያልሁህ።»

ፊደላቱ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ወደ ዓሣው ተመለሰ። እሾኹን ሲለቅም ያሳየው ርኅራኄ ግን ሳይመሰገን አይታለፍም። ዝምታ ለሚወድ ሰው ሴት የማትገባበት የክብራን ገብርኤል ገዳም በጀልባ ቅርብ ነበር፤ የእኛ ሰው ግን ምናኔውን ከነፍቅረኛው ነው የሚፈልገው።

መጠይቁን ያበጁት አሜሪካዊቷ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ናቸው። ሁለቱም በሥነ ልቦና ትምህርት የሠለጠኑ አልነበሩም፤ የተመረኮዙት ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ባሳተመው ሐሳብ ላይ ነው። ካትሪንን ወደዚህ ጉዳይ የገፋፋት ልጇ ይዛው የመጣችው እጮኛ ነበር። ጠባዩ ከቤተሰቡ ሁሉ የተለየ ሆነባትና የሰውን ባሕርይ ማጥናት ያዘች። እንግዲህ አማት አማቿን ለመረዳት የደከመችበትን ነገር፣ ላለመገለጥ መሸሸጊያ ማድረግ የቻለ ትውልድ ሽልማት ይገባዋል። ዩንግ ራሱ ፍጹም ወደ ውስጥ ያዘነበለ ጭምት ሰው የለም ማለቱ፣ መጠይቁን ከሳምንታት በኋላ የደገሙ ብዙ ሰዎችም ሌላ ፊደል እንደወጣላቸው መታወቁ የእኛን ልጅ አያሰጋውም። እርሱ አይደግምም። አንዴ ከወጣለት ወጣለት፤ የክርስትና ስም ነው።

ሴቶቻችንም ወደ ኋላ አላሉም። «ግልጽነት ተፈጥሮዬ ነው» የምትለዋ ደግሞ ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ ባጃጅ ውስጥ ሆና፣ የእጮኛዋን ደመወዝ፣ ማንኮራፋቱን፣ የእናቱንም ወጥ በስልክ ለጓደኛዋ ትዘረግፋለች። ሾፌሩ መጨረሻውን ለመስማት ፍጥነት ሲቀንስ አይቻለሁ። ለእጮኛዋ ለራሱ ግን አንዱንም አልነገረችውም፤ እንዳይከፋው አስባ ይሆናል።

አሁን የቀረው ሽማግሌዎችን ማሠልጠን ነው። ከልጅቷ አባት ፊት ቆመው የልጁን ሥራና ቤተሰብ በመዘርዘር ፈንታ አራቱን ፊደላት በክብር ያነብባሉ። አባትየው ግራ ገብቷቸው «ለመሆኑ ልጄን ይወዳታል?» ብለው ቢጠይቁ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እርሱንማ እንኳን ለእኛ፣ ለእርሷም አልተናገረ» ይላሉ።